በረዶ፣ ጨውና የሰዓት ልዩነት፦ ሙቀትንና ቅዝቃዜን የማቆየት ታሪክ ከቆላ ድባ ሲታይ



የዛሬውን ርእስ በማስታወቂያ ያነበበ ሰው ተናጋሪው የፊዚክስ ወይም የሜካኒካል ምሕንድስና መምህር ይመስለው ይሆናል። እኔ ግን የታሪክ ተማሪ ነኝ። ስለዚህ ከእኔ አዲስ ቀመር አትጠብቁ። የማቀርበው አንድ የታሪክ ጥያቄ ነው። ሙቀት የሚገኝበት ሰዓትና ሙቀት የሚፈለግበት ሰዓት ብዙ ጊዜ አይገጥሙም፤ ቅዝቃዜም እንዲሁ ነው። ይህን የሰዓት ልዩነት በአገራችን የሞላው ማን ነው? በምን ሞላው? ዋጋውንስ ማን ከፈለ?

ለዚህ ጥያቄ ከሚያገለግሉ ነገሮች አንዱ መሐንዲሶች «ሁነት ለዋጭ ቁሶች» የሚሏቸው ናቸው፤ ማለትም ሲቀልጡ ብዙ ሙቀት ውጠው ሲረጉ ያንኑ መልሰው የሚሰጡ ቁሶች። የማይበት ስፍራ ቆላ ድባ ነው። ቆላ ድባ ከጎንደር በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን በተዘረጋው የደንቢያ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። ለምን ቆላ ድባ እንደ ሆነች ወደ ኋላ ግልጽ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስውሩ ሙቀት

በመጀመሪያ ነገሩን ራሱን እንረዳ። አንድ ኪሎ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ 4.2 ኪሎ ጁል ያህል ይበቃል። አንድ ኪሎ ግራም በረዶን ከዜሮ ዲግሪ በረዶነት ወደ ዜሮ ዲግሪ ውሃነት ለመለወጥ ግን 334 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቴርሞሜትሩ ንቅንቅ አይልም። ሙቀቱ ገብቷል፤ ነገር ግን አይታይም። ይኸው ሙቀት ቀድሞ በቀለጠ ውሃ ላይ ቢውል ኖሮ ውሃውን ከዜሮ ወደ 80 ዲግሪ ገደማ ያደርሰው ነበር።

ይህን በስኮትላንድ ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጆሴፍ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ መጀመሪያ በሙከራ አረጋገጠ፤ «ስውር ሙቀት» የሚለውንም ስም ሰጠው። ዘመኑን ለማስታወስ ያህል፣ የብላክ አገር ሰው የሆነው ጀምስ ብሩስ ጎንደር የገባው በ1770 ነው። የብላክ ግኝት ሲነገር ጎንደር ገና የነገሥታት መቀመጫ ነበረች።

ስውር ሙቀት የሚለው ስም አዲስ ይሁን እንጂ ሥራው ለእኛ አንጥረኞች አዲስ አልነበረም። መስቀልን በሰም ቀርጾ፣ ሰሙን በጭቃ ሸፍኖ፣ ሰሙን አቅልጦ አስወጥቶ፣ በባዶው ቦታ የቀለጠ ብረት የሚያፈስ ባለ እጅ ሰም በምን ዓይነት እሳት እንደሚለሰልስ፣ መቼ እንደሚፈስ፣ መቼ መልሶ እንደሚረጋ በጣቱ ያውቅ ነበር። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ነው። የእጅ ሥራውም የቆመው በዚህ ጥብበት ላይ ነው። በቅኔ ቤት «ሰምና ወርቅ» ስንል የምናወሳው ከዚሁ ሥራ የተወሰደውን ምሳሌ ነው። ይሁን እንጂ አንጥረኛው ሰሙን ለቅርጽ እንጂ ለሙቀት ማከማቻ አልፈለገውም። ስለዚህ «ከእኛ ዘንድ ቀድሞ ነበረ» ለማለት አልቸኩልም። የማነሣው ለታሪኩ ሁሉ ቁልፍ የሆነውን አንድ ነጥብ ለማስያዝ ነው፦ እያንዳንዱ ቁስ የሚቀልጥበት የራሱ ዲግሪ አለው፤ ያ ዲግሪ ለተፈለገው ሥራ ካልገጠመ ቁሱ ምንም ያህል ሙቀት ቢይዝ አይጠቅምም።

ከክኒን ወደ በረዶ

እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ጨረሰ። በቀጣዩ ዓመት በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። በመንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ ትብብር የተቋቋመው ይህ ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት አሠልጥኖ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። ተማሪዎቹ ከሚሠለጥኑባቸው ጣቢያዎች አንዱ ቆላ ድባ ነበር። በ1958 ደግሞ ከደንቢያ እጅግ የሰፋ ወረርሽኝ አገሪቱን መታ፤ ሦስት ሚሊዮን ሰው ታምሞ 150 ሺህ ሰው እንደ ሞተ ይገመታል።

እዚህ ላይ ለርእሳችን የሚጠቅም አንድ ነገር ልብ እንበል። በዚያ ዘመን ወደ ቆላ ድባ የተላኩት መድኃኒቶች ስለ ሙቀት ብዙም አይጠይቁም ነበር። የክሎሮኪን ክኒን በበቅሎ ጭነት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ቢመታው አይከፋውም። ለትንኝ ማጥፊያ የሚረጨው ዲዲቲም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1971 የተጀመረው የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻም በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነበር፤ በቅዝቃዜ ደርቆ የተዘጋጀው የፈንጣጣ ክትባት በ37 ዲግሪ ሙቀት ለአንድ ወር አቅሙን ይዞ ይቆያል። ከታቢዎቹ ገደል ወጥተው፣ ወንዝ ተሻግረው በ1976 የመጨረሻውን የኢትዮጵያ ታማሚ ሲያገኙ፣ ከኋላቸው የሚጎትቱት የማቀዝቀዣ ሰንሰለት አልነበረም ማለት ይቻላል።

ነገሩ የተለወጠው በ1980 ነው። በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት በ1974 የጀመረውን የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራም ሥራ ላይ አዋለች። ሳንባ ነቀርሳ፣ ፖሊዮ፣ ዘጊ አናዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍና ኩፍኝ የመጀመሪያዎቹ ስድስት በሽታዎች ነበሩ። የእነዚህ ክትባቶች ጠባይ ከፈንጣጣው የተለየ ነው። በየጤና ተቋሙና በመንገድ ላይ በጠቅላላው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ መኖር አለባቸው። የኩፍኝ ክትባት በዱቄትነቱ ጥቂት ቢታገሥም፣ በውሃ ከተበጠበጠ በኋላ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካልተሰጠ ይጣላል። ክትባቱ ከዚያ በፊት የነበሩ መድኃኒቶች ያላቀረቡትን ጥያቄ ወደ ደንቢያ ይዞ መጣ፦ እኩለ ቀን ላይ፣ ከመንገድ ሁለት ሰዓት በእግር ርቆ በሚገኝ ዛፍ ሥር፣ 5 ዲግሪን ከየት ታመጣላችሁ?

መልሱ በረዶ ነበር። እያንዳንዳችሁ አይታችሁታል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በትከሻዋ የምታንጠለጥለው፣ ባለሙያዎች «ቫክሲን ካሪየር» የሚሉት ሳጥን ነው። በውስጡ በአራቱ ጎን ውሃ የተሞሉ ጠፍጣፋ የፕላስቲክ እሽጎች ይቆማሉ፤ «አይስ ፓክ» ይባላሉ። አራቱ እሽጎች እያንዳንዳቸው 0.4 ሊትር ቢይዙ በጠቅላላው 1.6 ኪሎ ግራም በረዶ ይሆናል። ሲቀልጥ 534 ኪሎ ጁል ያህል ይውጣል። ይኸው ውሃ ሳይረጋ በዜሮ ዲግሪ ቢገባ ኖሮ እስከ 8 ዲግሪ ሲሞቅ የሚውጠው 54 ኪሎ ጁል ገደማ ብቻ ነበር። ልዩነቱ ዐሥር እጥፍ ነው። በሳጥኑ ግድግዳ በየሰከንዱ አራት ጁል ሙቀት ቢሰርግ፣ በረዶው ለ37 ሰዓት ያህል ይከላከላል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ግን አራት ሰዓት እንኳ አይሞላም። አንድ የክትባት ቀን ማለዳ ተጀምሮ ማታ የሚያልቅ ሥራ ነው። ስለዚህ የገጠር ክትባት በጠቅላላው የቆመው ጆሴፍ ብላክ በለካው ስውር ሙቀት ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የዜሮ ዲግሪ ችግር

ይሁን እንጂ ቀደም ሲል ያስያዝኳችሁን ቁልፍ ነጥብ መልሼ ላንሣ። በረዶ የሚቀልጠው በዜሮ ዲግሪ ነው። ክትባቱ የሚፈልገው ግን ከ2 እስከ 8 ነው። በዜሮና በሁለት መካከል ያለችው ጠባብ ክፍተት ቀላል ትመስላለች፤ በርካታ ክትባቶችን ያበላሸችው ግን እርሷ ናት። ምክንያቱም ከማቀዝቀዣ የወጣው እሽግ ዜሮ ላይ አይጀምርም፤ ከዜሮ በታች በብዙ ዲግሪ ቀዝቅዞ ነው የሚወጣው።

የመንጋጋ ቆልፍ፣ የጉበት በሽታ ቢ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በአገራችን የተጀመረው አምስት በሽታ የሚከላከለው የጥምር ክትባት፣ በ2011 የተጨመረው የሳንባ ምች ክትባት፣ እነዚህ ሁሉ በውስጣቸው ያለው የአሉሚኒየም ጨው አንድ ጊዜ ከረጋ ይጓጉላል፤ ቢቀልጥም ወደ ቀድሞው አይመለስም። ብልቃጡ ሲታይ ግን ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ከመጠን በላይ ለሞቀ ክትባት ቢያንስ በብልቃጡ ላይ ቀለሙን የሚለውጥ ምልክት አለ። ለረጋ ክትባት ያለው ዘዴ አውቆ ካስረጉት ሌላ ብልቃጥ ጋር አብሮ ነቅንቆ የትኛው ቶሎ እንደሚዘቅጥ በዓይን መመልከት ነው።

ከዓመታት በፊት በጣና ዙሪያ በሚገኝ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ጤና ኬላ ይህን ፈተና ሲያደርጉ ቆሜ አይቻለሁ። ሁለት ብልቃጦች ጎን ለጎን በጠረጴዛ ላይ ቆመዋል። ባለሙያዋ ሆን ብላ ያስረጋችው ብልቃጥ ፈጥኖ ዘቀጠ፤ ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። በዚያው ሳምንት ከዚያው ሳጥን ስንት ልጅ እንደ ተከተበ በመዝገቡ ላይ መቁጠር ጀመረች። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልተወቀሰም። «እሽጉን ቶሎ አስገባሁት፤ እናቶቹ ከሩቅ መጥተው ስለሚጠብቁ ነው» አለች። የታሪክ ሰው እንደመሆኔ ያ መዝገብ ከብዙ የቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል ይልቅ ከብዶኛል። እነዚያን ልጆች መልሶ መፈለግና ዳግመኛ መክተብ ነበረባት፤ እናቶቻቸውም ያንኑ መንገድ ዳግመኛ ሊመጡ ነው።

መመሪያው የሚለው የረጋው እሽግ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ፣ ሲነቀነቅ በውስጡ የውሃ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ይቆይ ነው። ያ ድምፅ ማለት እሽጉ ዜሮ ደርሷል፣ መቅለጥ ጀምሯል ማለት ነው። በቴክኖሎጂ ታሪክ መጻሕፍት ስለማይጻፍ ሥራ እንናገር ከተባለ ይህ አንዱ ነው፤ አንዲት ባለሙያ ማለዳ ተነሥታ በጆሮዋ የውሃን ሁነት ለውጥ ታዳምጣለች። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ከጀመረች ወዲህ ይህን የሚያደርጉ ሴቶች ቁጥር ከሠላሳ ሺህ በላይ ሆኗል።

ለዚህ ችግር የቁስ መፍትሔ አለ። ቴትራዴኬን የሚባለው የፓራፊን ዓይነት የሚቀልጠው በ6 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በትክክል ክትባት በሚፈልገው ክልል ውስጥ። ታዲያ ለምን በየጤና ኬላው አልተዳረሰም? ውሃ በየምንጩ አለ፤ እሽጉ ቢቀደድ ሌላ ይሞላል፤ ቢፈስ ማንንም አይጎዳም። ፓራፊኑ ግን ተገዝቶ፣ ተጓጉዞ፣ ተጠብቆ መኖር አለበት። የስውር ሙቀቱም መጠን ከውሃው ያንሳል። ስለዚህ በቅርብ ዓመታት የተወሰደው ሌላ መንገድ በሳጥኑ ውስጥ በእሽጉና በክትባቱ መካከል ተጨማሪ ግድግዳ ማስገባት ነው። የበረዶው ዜሮ ዲግሪ እንዳለ ሆኖ፣ ወደ ክትባቱ የሚደርሰው ቅዝቃዜ ተገድቦ እንዲደርስ ማለት ነው። ቁሱን ከመለወጥ ቤቱን መለወጥ ተመረጠ።

ባትሪው የቀረበት ማቀዝቀዣ

በረዶውን ራሱን የሚሠራው ማቀዝቀዣ የራሱ ታሪክ አለው። መብራት ባልደረሰበት ቦታ ለረጅም ጊዜ የሠራው በላምባ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ነው፤ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1922 ሁለት ስዊድናውያን ተማሪዎች፣ ፎን ፕላተንና ሙንተርስ የፈጠሩት መሣሪያ ነው። በእሳት የሚቀዘቅዝ ዕቃ ነው። ግን ላምባው ሲያልቅ፣ ክሩ ሲጠቁር፣ ነበልባሉ ሲበዛ ወይም ሲያንስ ቅዝቃዜው አብሮ ይዛባል። ቀጥሎ የመጣው በፀሐይ ኃይል የሚሠራና ኃይሉን በባትሪ የሚያከማች ማቀዝቀዣ ነበር። ፓነሉ ለሃያ ዓመት ሲቆይ ባትሪው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይደክማል። የሚተካ ሲጠፋ መሣሪያው በሙሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሐሳብ በጣም ቀላል ነበር፦ የፀሐዩን ኃይል በኤሌክትሪክ መልክ ማቆየት ለምን አስፈለገ? የሚፈለገው ቅዝቃዜ ከሆነ በቅዝቃዜ መልክ ይቆይ። ፓነሉ መጭመቂያውን በቀጥታ ያንቀሳቅሳል፤ ቀን ቀን በማቀዝቀዣው ግድግዳ ውስጥ በረዶ ይረጋል፤ ሌሊት በረዶው ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያለ ማቀዝቀዣ ያለ ፀሐይ ቢያንስ ሦስት ቀን ክትባቱን ማቆየት እንዲችል ይጠይቃል። በክረምት የደመናን ርዝመት ለሚያውቅ የደንቢያ ሰው ይህ ቁጥር ትርጉም አለው። መንገድ ሲዘጋና መብራት ሲቋረጥም ትርጉም አለው። ከጣና ውሃ የሚመነጨው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ከዚያው ሐይቅ ዳር ያለ ጤና ኬላ ግን ቅዝቃዜውን ከጣሪያው ላይ ካለ ፓነልና ከጥቂት ኪሎ በረዶ ሊያገኝ ይችላል። ሁለቱም የኃይል ማከማቻዎች ናቸው። አንዱ የክረምቱን ውሃ ለበጋ፣ ሌላው የቀኑን ፀሐይ ለሌሊት ያቆያል።

ከዶቨር ቤት እስከ እንጀራ ምጣድ

ወደ ሙቀቱ ልሻገር። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ዶቨር በተባለች ከተማ በፀሐይ ብቻ የሚሞቅ ቤት ተሠራ። የሙቀት ሥርዓቱን የነደፈችው በቡዳፔስት የተወለደችው ሳይንቲስት ማሪያ ቴልኬሽ ናት፤ ቤቱን የነደፈችው ኤሊኖር ሬይመንድ፣ ገንዘቡን ያወጣችው አሜሊያ ፒቦዲ፣ ሦስቱም ሴቶች ነበሩ። ቴልኬሽ የተጠቀመችው የግላውበር ጨው የሚባለውን፣ በ32 ዲግሪ የሚቀልጠውን ጨው ነው፤ ወደ 21 ቶን የሚጠጋ። የመጀመሪያዎቹን የብርድ ወራት ሥርዓቱ በሚገባ ሠራ። በሦስተኛው የብርድ ወቅት ግን ከሸፈ። ጨው ደጋግሞ ሲቀልጥና ሲረጋ ከውሃው ተለያይቶ ከታች ዘቀጠ፤ ዕቃዎቹም አፈሰሱ።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ሁለት ነገር ስለሚያስተምር ነው። አንደኛ፣ ቁስ አንድ ጊዜ መቅለጡና መርጋቱ ማስረጃ አይሆንም፤ ጥያቄው በሺህኛው ጊዜ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ሁለተኛ፣ የዶቨር ቤት መክሸፍ የመስኩ መጨረሻ አልነበረም፤ ዛሬ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከዚያ ስሕተት ተምረዋል። ከእነዚያ መካከል ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል።

በአገራችን ለቤት ከሚውለው ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለእንጀራ መጋገሪያ እንደሚውል በብዙ ጥናቶች ይጠቀሳል። እንጀራ ከባድ ፈተና የሆነው በሦስት ምክንያት ነው። ምጣዱ ሰፊ ነው፤ 200 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል፤ ሊጡ በፈሰሰበት ቅጽበት ብዙ ሙቀት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መስጠት አለበት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት የሚስበው ለዚህ ነው። በእኩለ ቀን የሚወርደው ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር አንድ ኪሎ ዋት ገደማ ነው። እንግዲህ ምጣድን በቀጥታ በፀሐይ ለማጋል ብዙ ካሬ ሜትር መስታወት ያስፈልጋል፤ ጋጋሪዋም በጠራራ ፀሐይ ውጭ መቆም ሊኖርባት ነው። ማከማቻ ካለ ግን አነስተኛ መስታወት ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ይሰበስባል፤ የተሰበሰበው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይወጣል። ማከማቻ ሰዓትን ብቻ ሳይሆን ጉልበትንም ይለውጣል ማለት ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አብዱልቃድር አማን ሐሰንና ባልደረቦቹ በፀሐይ የጋለ ዘይት ወደ ቤት ውስጥ ምጣድ የሚያደርስ መሣሪያ ሞከሩ፤ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ቀረበ። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው አስፋፋው ኃይለሥላሴ ተስፋይ ደግሞ ከኖርዌይ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን ሙቀቱን በእንፋሎት አጓጉዞ በናይትሬት ጨው ውስጥ የሚያከማች ምጣድ ላይ ሠራ። ጨው የሶዲየም ናይትሬትና የፖታሲየም ናይትሬት ቅልቅል ነው፤ ስድሳ በመቶና አርባ በመቶ። የሚቀልጠው በ220 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዲግሪው ለምጣድ ይገጥማል፤ የቆላ ድባው ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ አግኝቷል።

ነገር ግን ሌላ ጥያቄ ይተካል። የዚህ ጨው ስውር ሙቀት በኪሎ ግራም የውሃውን አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ሙቀትንም በደንብ አያስተላልፍም፤ ከምጣዱ ጋር የሚነካካው ጨው ቀድሞ ይረጋና ለቀረው ትኩስ ጨው እንደ ብርድ ልብስ ይሆንበታል። ለዚህ ነው በጨው መካከል አሉሚኒየም የሚገባው፤ ብረቱ ሙቀቱን ከመሀል ስቦ እንዲያወጣ። አሉሚኒየም ሲጨመር ዋጋ ይጨምራል። በሙከራው እንጀራ ከተለመደው ዝቅ ባለ ሙቀትም ሊጋገር እንደሚችል መታየቱ ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ምክንያቱም ዲግሪው ዝቅ ሲል መሣሪያው ሁሉ ይቀላል። ሆኖም ሥራው እስካሁን ከምርምርና ከሙከራ ማሳያ አልፎ በገበሬ ቤት አልገባም።

ማጠቃለያ

የደንቢያ ሜዳ ዛፍ የሳሳበት አገር ነው። ማገዶ ሲጠፋ የሚነደው ኩበት ነው፤ ኩበት ሲነድ ማሳው ፍግ ያጣል። የተቃጠለው ኩበት በሚቀጥለው ዓመት ከጤፉ ላይ ይጎድላል። ስለዚህ ቀን የሚወርደውን ፀሐይ እስከ ማታ ማቆየት አለመቻላችን ያለ ዋጋ የቀረ ነገር አይደለም፤ በአፈሩና በሴቶች ጀርባ ላይ ሲከፈል ኖሯል። የሰዓቱን ልዩነት የሚሞላው ቁስ ሲጠፋ፣ የሚሞላው ሰው ነው። በክትባቱም ያየነው ይህንኑ ነው። በረዶው ባልገጠመበት ቦታ የባለሙያዋ ጆሮ፣ የእናቶችም እግር ገጥመውበታል።

በረዶ በየጤና ኬላው ሲዳረስ ጨው በቤተ ሙከራ የቀረው በፊዚክሱ ብቻ አይመስለኝም። ከበረዶው በስተጀርባ መንግሥት አለ፣ ዓለም አቀፍ ድጋፍ አለ፣ መመሪያ አለ፣ ሠልጣኝ አለ፣ መለዋወጫ አለ። ለምጣዱ ይህን ሁሉ ያዘጋጀለት ገና የለም። ክትባት የአገር ጉዳይ ተብሎ ተቆጠረ፤ ምጣድ ግን የቤት ጉዳይ ተብሎ ቀረ። ይህ አከፋፈል በተፈጥሮ ሕግ የመጣ አይደለም፤ ሰዎች የወሰኑት ነውና ሰዎች ሊለውጡት ይችላሉ።

እዚህ ለተቀመጣችሁ የምሕንድስና ተማሪዎች የታሪክ ተማሪ አደራ ቢኖረው ይህ ነው። አዲስ ቁስ ስታገኙ ስንት ኪሎ ጁል እንደሚይዝ ከመጠየቃችሁ በፊት በስንት ዲግሪ እንደሚቀልጥ ጠይቁ። ከዚያ በስንት ሰዓት እንደሚፈለግ ጠይቁ። ከዚያ ደግሞ ሺህ ጊዜ ቀልጦ ከረጋ በኋላ ሲበላሽ ቆላ ድባ ላይ ማን እንደሚጠግነው ጠይቁ። ዶቨር ላይ ያልተጠየቀው የመጨረሻው ነበር።